እንግዶችን በቤት ቁጥር የደረደርኩበት ሣጥን

አስተማሪ ከሆንኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት በደርግ ጊዜ ለስድስት ዓመት ጅማ ውስጥ የአንድ ቀበሌ መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። የቀበሌውን ቁጥር አልጠራም፤ አብረውኝ የሠሩት ሰዎች ዛሬም እዚያው ሰፈር ይኖራሉ፣ ገበያ ላይ እንገናኛለን።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ አንድ ወረቀት ነው። በዚህ ዓመት መጀመሪያ ርእሰ መምህራችን አዲስ የተማሪ ቅጽ ሰጡኝ። ከስም፣ ከዕድሜና ከክፍል ቀጥሎ «የወላጅ ሃይማኖት» እና «በቤት ውስጥ አብረው የሚኖሩ ሌሎች ሰዎች» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ነበሩበት። እስክሪብቶዬን አነሳሁና ሳልጽፍ ቀረሁ።

«ምነው መምህርት?» አሉኝ። «አንቺ ቅጽ መሙላት የሚያቅትሽ ሰው አይደለሽም።»

አይደለሁም። ቅጽ መሙላት በደንብ እችላለሁ። ነገሩን በቅደም ተከተል ላስረዳ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ አላስገባኝም። ጽሕፈቴ ግን ያማረ ስለነበር ቀበሌው በጸሐፊነት ቀጠረኝ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ስለሱ ሌላ የምለው የለኝም። መዝገብ ቤቱ አንድ ጠባብ ክፍል ነው፤ ወደ ግቢው የሚከፈት መስኮት አለው፣ ባለጉዳይ በዚያ በኩል ይቆማል። ውስጥ ሁለት ጠረጴዛ ነበር። አንዱ የእኔ ሲሆን ሌላው የጋሽ ደምሴ ነው።

ጋሽ ደምሴ በጃንሆይ ጊዜ ከሸዋ መጥተው ማዘጋጃ ቤት በጸሐፊነት ያረጁ ሰው ናቸው። ሥራ ሲጀምሩ ከጥቁር ጨርቅ የተሰፋ የእጅጌ መከላከያ እስከ ክርናቸው ያጠልቃሉ። አንድ ሰው ባስተናገዱ ቁጥር የቀለሙን ጠርሙስ ይከድናሉ። ከሁሉ የማልረሳው የቀለም መምጠጫ ወረቀታቸውን ነው። መዝገቡን ሲገልጡ ከሚጽፉበት መስመር በላይ ያለውን ገጽ በሙሉ በዚያ ወረቀት ይሸፍኑታል። ቀለሙ እንዳይበላሽ ይመስለኝ ነበር። ቀለሙ ግን ከትናንት ወዲያ የደረቀ ነው። መስኮቱ ላይ የቆመው ሰው የጎረቤቱን መስመር እንዳያነብ ኖሯል። ይህ የገባኝ በሦስተኛው ዓመት ነው።

በዚያ ጊዜ ልጅ የነበረ ሰው መታወቂያ ምን ማለት እንደነበር ላያስታውስ ይችላል። መታወቂያው ለሁለት የሚታጠፍ ጠንካራ ወረቀት ነው። ፎቶግራፉ ከተለጠፈ በኋላ ማኅተሙ ግማሹ ፎቶው ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ እንዲያርፍ ተደርጎ ይመታል፤ ፎቶ የሚቀይር ሰው እንዲታወቅ ነው። ያለ እሱ ከቀበሌው ሱቅ ስኳር አይገዛም፣ ኬላ አይታለፍም። ከመታወቂያው በተጨማሪ የእንግዳ መዝገብ ነበር። ማንም ሰው ቤቱ እንግዳ የሚያሳድር ከሆነ ከመምሸቱ በፊት ቀበሌ መጥቶ ስሙን፣ የመጣበትን አገር፣ የመጣበትን ምክንያትና ስንት ሌሊት እንደሚያድር ማስመዝገብ አለበት። እናት እንኳ ልጇ ዘንድ ስትመጣ ትመዘገብ ነበር።

ጋሽ ደምሴ በምክንያት ዓምድ ላይ ለሁሉም ሰው አንድ ቃል ነበር የሚጽፉት፤ «ጥየቃ»። የታመመም ይምጣ፣ ሙግት ያለበትም ይምጣ፣ ጥየቃ ነው። እኔ ይህ ስንፍና መሰለኝ።

«ጋሽ ደምሴ፣ ማንን ለመጠየቅ እንደመጣ ቢጻፍ አይሻልም? ቦታ አለ እኮ።»

«ቦታው ስንት ጣት ይሰፋል?»

«ሁለት።»

«በሁለት ጣት ላይ የሰው ጉዳይ አይበቃም። ቀጥዪ።»

ደግሞ ለባለጉዳይ ሁሉ ደንቡን ቁጭ ብዬ ስለማስረዳ «መምህርት» የሚል ስም አወጡልኝ። «መምህርት፣ ሰውዬው ማኅተም ነው የፈለገው፣ ትምህርት አይደለም» ይሉኛል። ከዚያ በኋላ እውነትም መምህርት መሆኔን ሲሰሙ ሳይስቁ አልቀሩም።

በሁለተኛው ዓመት የቡና ለቀማ ሲደርስ በአጋሮ መንገድ ወዳለች አንዲት የቡና ከተማ ለሦስት ወር ተላክሁ። ሥራዬ ከየአገሩ ለሚመጡ ለቃሚዎች ጊዜያዊ መታወቂያ መስጠት ነበር። አብዛኞቹ አውራ ጣታቸውን ነው የሚያትሙት። የከተማዋ ሰው በሙሉ ጣቱ ሐምራዊ ሆኖ ይዞር ነበር።

የምጽፈው በቡና መጋዘን ጥግ ላይ ነው። የመጋዘኑ ጠባቂ ከድር ይባላል። በየጆንያው ክምር ላይ አንድ ካርድ ያንጠለጥላል፤ ቢን ካርድ ይሉታል። ቡናው ከየት እንደመጣ፣ መቼ እንደገባና ምን ያህል እንደወጣ እዚያ ላይ ይጻፋል።

«ይኼኛው ክምር ከየት ነው?» ብዬ እፈትነዋለሁ።

«ከጌራ። ያኛው ከሊሙ። ወላሂ፣ ዓይኔን ብትሸፍኚኝም አገኘዋለሁ!» ይለኛል።

በጣም ተደነቅሁ። የእኛ የእንግዳ መዝገብ በቀን ተራ የተጻፈ ነው፤ ዛሬ የመጣው ከትናንቱ በታች ይጻፋል። አንድ ቤት በዓመት ውስጥ እነማንን እንዳስተናገደ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ስድስት ወፍራም መዝገብ ገጽ በገጽ መግለጥ አለበት። ጋሽ ደምሴን አንድ ነገር ሲጠይቋቸው መልሳቸው ሁልጊዜ ያው ነበር፤ «መዝገቡ በቀን ነው። ቀኑን ንገሩኝና ላውጣላችሁ።» ቀኑን የሚያውቅ ስለሌለ ጠያቂው ይሄዳል።

ጅማ እንደተመለስኩ ሐሳቤን ለሊቀመንበራችን ለጓድ ሽፈራው አቀረብኩ። ለእያንዳንዱ ቤት ቁጥር አንድ የካርድ ማደሪያ ያለው ሣጥን ይሠራል፤ እያንዳንዱ እንግዳ በአንድ ካርድ ላይ ይጻፋል፤ ካርዱ ባረፈበት ቤት ማደሪያ ውስጥ ይገባል። ጓድ ሽፈራው ክፉ ሰው አልነበሩም። በስብሰባ ብዛት የደከሙ፣ በየሳምንቱ ከቀበሌው በላይ ላለው ለከፍተኛው ሪፖርት የሚያቀርቡ ሰው ናቸው። ሐሳቡን ሲሰሙ ፊታቸው ፈካ።

«ጋሽ ደምሴ፣ ሰሙ?»

«ሰማሁ።»

«ምን ይላሉ?»

ጋሽ ደምሴ የቀለሙን ጠርሙስ ከደኑ። «እኔ ዓይኔም ደክሟል። ካርድ ትንንሽ ነው፤ ይጠፋል» አሉ።

ሣጥኑን የሠራው አቶ ላምቤቦ ነው። አናጺ ነው፤ በልጅነቱ ከከምባታ ቡና ለመልቀም መጥቶ ጅማ የቀረ። እሱና ሚስቱ ጴንጤዎች ናቸው። ጸሎት ቤታቸው ታሽጎ የኪነት ቡድኑ መለማመጃ ሆኖ ስለነበር አማኞቹ በየቤቱ እየተሰበሰቡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጸልያሉ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ማንም አያነሳውም። ላምቤቦ ሣጥኑን ሲሠራ መጥቶ የቤቶቹን ቁጥር ጠየቀኝ፤ «አዲስ ቤት ቢሠራስ?» ብሎም ዐሥር ትርፍ ማደሪያ ጨመረ። ጠርዙን ካርዱን እንዳይቀድ በአሸዋ ወረቀት አለሰለሰው።

ላምቤቦ አንድ ጠባይ ነበረው፤ አይዋሽም። ሌላው ሰው ዘመዱን የሚያስመዘግበው ሲመቸው ነው፤ አብዛኛው ጭራሽ አያስመዘግብም። ላምቤቦ ግን ከየአገሩ የሚመጡ የእምነት ወንድሞቹን አንድም ሳይቀር ሥራውን ትቶ መጥቶ ያስጽፋል። «ወንድም ማርቆስ፣ ከሆሳዕና፣ ሁለት ሌሊት።» «ወንድም ዳዊት፣ ከቦንጋ፣ አንድ ሌሊት።»

አንድ ቀን ጋሽ ደምሴ በመስኮቱ አጎንብሰው አነጋገሩት።

«አቶ ላምቤቦ፣ እንግዳ ሁሉ አያድርም እኮ። አንዳንዱ ውሎ ይሄዳል።»

«አይ ጋሽ ደምሴ፣ ያድራሉ።»

«ለውሎ ማስመዝገብ አያስፈልግም ለማለት ነው።»

«ገብቶኛል። ግን ያደረን ሰው ዋለ ልበል?»

ጋሽ ደምሴ ተነፈሱና «ጥየቃ» ብለው ጻፉለት። እኔ ደግሞ፣ አስረጂዋ፣ ከወንበሬ ሆኜ «አቶ ላምቤቦ ትክክል ናቸው፣ ሁሉም እንደሳቸው ቢያስመዘግብ ሥራችን በቀለለ» አልኩ። ጋሽ ደምሴ አላዩኝም።

አንድ ክረምት ሙሉ የድሮዎቹን መዝገቦች ወደ ካርድ ገለበጥኩ። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እኔ እየዘፈንኩ እጽፍ ነበር። በመስከረም ጓድ ሽፈራው ከከፍተኛ የሚመጣን እንግዳ ሁሉ ሣጥኑን ያሳዩ ጀመር። «ማንኛውንም ቤት ይጥሩላት!» ይላሉ። እኔም አወጣለሁ።

ኅዳር ላይ አንድ ሰው በላንድሮቨር መጣ። ኮት የለበሰ፣ ለስላሳ አነጋገር ያለው ሰው ነው። ማን እንደሆነ አልነገሩኝም፤ ጓድ ሽፈራው ከመቀመጫቸው ስለተነሱለት ግን ከደኅንነት መሆኑ ገባኝ። ጋሽ ደምሴ ወረቀት ለማስፈረም ወጥተው ነበር። ሰውዬው ሣጥኑን ዞሮ አየው፣ ጠርዙን ዳሰሰው።

«ጥሩ ሥራ ነው። እስቲ፣ ከሌላ አገር ብዙ ሰው የሚመላለስበት ቤት የትኛው ይመስልሻል?»

መመራመር አላስፈለገኝም። ሣጥኑን ከላይ ማየት ብቻ ነው። አብዛኛው ማደሪያ ሁለት ሦስት ካርድ ይዞ ሲጋደም አንዱ ብቻ እስከ አፉ ሞልቶ ቆሟል። አወጣሁት። በሁለት እጄ ይዤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያም፣ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ደስ ባለኝ፣ አስረዳሁት። በአገር ከፋፍዬ አሳየሁት። ከሆሳዕና የሚመጡት በየወሩ እንደሆነ፣ ማርቆስ የሚባለው ሁልጊዜ በረቡዕ እንደሚገባ በጣቴ እየጠቆምኩ አሳየሁት። ስለ ጸሎት አንድም ቃል አልተናገርኩም፤ መናገርም አላስፈለገኝም። ሰውዬው እያመሰገነ በትንሽ ደብተር ጻፈ።

በተከታዩ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ላምቤቦን፣ ማርቆስንና ሌሎች ሦስት ሰዎችን ከቤቱ ወሰዷቸው። ሚስቱ ከመታወቂያው የተረፈ ፎቶውን ጨብጣ በራችን ላይ ቆማ ነበር። «የት እንደወሰዷቸው ንገሩኝ፣ እናንተ መዝገብ አላችሁ» ትል ነበር። እውነቷን ነው፤ መዝገብ ነበረን። እሱ የተወሰደበት ቦታ ግን እኛ መዝገብ ላይ የሚጻፍ አልነበረም።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጋሽ ደምሴ ከሰዓት በኋላ ቢሮ እንድመጣ ነገሩኝ። ሣጥኑ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጧል።

«እናቃጥለው» አልኩ፤ እያለቀስኩ ነበር።

«የተቃጠለ መዝገብ ይፈለጋል፤ ያቃጠለውም ይፈለጋል። አንድም ካርድ መጉደል የለበትም።»

«ታዲያ ምን እናድርግ?»

«በቀን እንደርድራቸው። እንደነበሩ።»

ከቤት ቁጥራቸው እያወጣን፣ የሁሉንም ቤት እየቀላቀልን፣ በቀን ተራ መልሰን ከተትናቸው። እሳቸው ቀኑን ያነባሉ፣ እኔ አስገባለሁ። እጃቸው ፈጣን ነው፤ ዓይኔ ደክሟል፣ ካርድ ይጠፋል ያሉት ውሸት መሆኑ ያኔ ገባኝ። መሸት ሲል በጣም ደክሞኝ ጠየቅኳቸው።

«ለምን አልነገሩኝም? መዝገቡን ሆን ብለው ነው እንደዚያ የተዉት?»

የእጅጌ መከላከያቸውን አውልቀው አጣጠፉት።

«ምን ብዬ ልንገርሽ? በቤት ቁጥር አትደርድሪ፣ ሰው ይጎዳል ብዬ? አንቺ ትጉህ ነበርሽ። ለሊቀመንበሩ ሁሉን ነገር ታስረጃለሽ። እኔም አንቺን አላውቅሽም ነበር፣ ልጄ።»

ከዚያ ወዲህ ጓድ ሽፈራው የአንድ ቤት ካርድ ሲጠይቁ «ጓድ፣ በቀን ነው ያለው፣ ቀኑን ይንገሩኝ» እላለሁ። መጀመሪያ ተቆጡ። ቆይተው ለእንግዳ ማሳየቱን ተዉት። ካርዶቹም ሣጥኑም ሳይጎድሉ ጋሽ ደምሴ ጡረታ ወጡ።

ላምቤቦ ከሰባት ወር በኋላ ተፈታ። ማርቆስም አብሮት ተፈታ፣ ግን ሳንባው ታምሞ ነበርና አገሩ ገብቶ ብዙ ሳይቆይ ሞተ። ላምቤቦ በተወሰደበት መታወቂያ ምትክ ሌላ ለማውጣት ወደ መስኮታችን መጣ። ከስቷል። ፎቶውን ለጠፍኩለት። ፊቱን ላለማየት ዞር ብዬ ማኅተሙን ስመታ በፎቶው ላይ ግንባሩ ላይ አረፈ።

«ግድ የለም እህቴ» አለኝ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማን እንዳሳወቀብን ደርሼበታለሁ» አለ።

ማኅተሙን አስቀመጥኩ።

«አዴ ዘይነባ ናቸው። በራቸው ከበሬ ፊት ለፊት ነው። 'ዛሬም እንግዳ አላችሁ፣ ማሻአላህ' ይሉ የነበረው ለካ እየቆጠሩ ነው። የሴቶች ማኅበር አባል አይደሉም? ቂም አልይዝም፣ እጸልይላቸዋለሁ። ግን ግቢያችንን የሚያገናኘውን በር በምስማር መትቼዋለሁ።»

አዴ ዘይነባ፣ አዴ ለትልቅ ሴት የአክብሮት መጠሪያ ነው፣ ባልቴት ናቸው፤ ባለ ቀይ ቆርቆሮ ቤታቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ላምቤቦ በታሰረበት ጊዜ ለሚስቱ በዚያች በር ገንፎ ያቀብሉ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ያኔ መናገር ነበረብኝ። ዝም አልኩ። ፈርቼ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ላምቤቦ እህቴ ሲለኝ ደስ ስላለኝ ነው። ሁለት ዓመት በዚያ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። አዴ ዘይነባ ለስኳር ወረፋ ሲቆሙ የላምቤቦ ሚስት ፊቷን ስታዞር እያየሁ ወረቀቴን አዘጋጃለሁ። በመጨረሻ የመምህራን ማሠልጠኛ ተቀበለኝና ወጣሁ። ቁልፉን አስረክቤ ስወጣ ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር። አልቀለለኝም።

መንግሥት ተለወጠ፣ ቀበሌውም ተለወጠ፣ ጓድ ሽፈራው አሁን በቡና ንግድ ላይ ናቸው። በሩ ግን በምስማር እንደተመታ ነበር።

እንግዲህ የዘንድሮው ቅጽ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሁለቱን ዓምዶች ባዶ አድርጌ ለርእሰ መምህሩ መለስኩላቸው። በዚያው ቀን ከትምህርት በኋላ ላምቤቦ ቤት ሄድኩ። ጓሮው ውስጥ የቡና ማስጫ አልጋ ይሠራ ነበር። የሄድኩበትን እንደ ትምህርት በቅደም ተከተል አዘጋጅቼ ነበር፤ ሁሉም ጠፋኝ።

«አዴ ዘይነባ አይደሉም» አልኩት። «እኔ ነኝ። ካርዱን አውጥቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

መዶሻውን አልጣለም። «የቱን ካርድ?»

«በሣጥኑ ውስጥ የነበረውን። በቤት ቁጥር ደርድሬው ነበር። የአንተ ማደሪያ ሞልቶ ነበር፤ አንተ ብቻ ነህ ሁሉንም የምታስመዘግበው።»

«እኔ የሠራሁት ሣጥን?»

«አዎ።»

ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድበኝ በወደድኩ። እሱ የጠየቀኝ ግን ሌላ ነው።

«አዴ ዘይነባ ይህን ያውቃሉ?»

«አልነገርኳቸውም።»

«ስንት ዓመት ሆነው?»

እሱም እኔም ዓመቱን እናውቃለን። መዶሻውን እንደያዘ ወደ አጥሩ ሄደ፤ ተከተልኩት። በትንሿ በር ላይ አራት ምስማር ነበር፣ ዝገዋል። በመዶሻው ጀርባ አንድ በአንድ ይነቅላቸው ጀመር። ሦስተኛው ሲጮኽ ከወዲያ ማዶ የእግር ኮቴ ተሰማ።

«ማነው? ማነው አጥሬን የሚነቅል?» የአዴ ዘይነባ ድምፅ ነው።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

«ላምቤቦ ነኝ፣ አዴ። ጎረቤትዎ።»

ከዚያ ከበሩ ወዲያ፣ ቀስ ብለው፦

«ማሎ፣ እባክህ! ጎረቤት አለኝ እንዴ? መታወቂያ ይዘሃል?»

እኔ መሳቅ ወይም ማልቀስ አምሮኝ አፌን ያዝኩ። ላምቤቦ ግን አልሳቀም። መዶሻውን መሬት ላይ አኑሮ እጁን በሸሚዙ ጠረገና ከደረት ኪሱ ያንን የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ማኅተሙ ግንባሩ ላይ ያረፈው ነው። የላላውን የመጨረሻ ምስማር በጣቱ ሳብ አድርጎ አወጣና በተከፈተው ስንጥቅ በኩል መታወቂያውን በሁለት እጁ አቀበላቸው።